የቀድሞው ባለቤት የጠጋገነውን አሮጌ መኪና ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

ዲኤክሷን፣ ያቺን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ ስገዛ ሻጩ «ሞተሯ ተነክቶ አያውቅም» አለኝ። ቤት ወስጄ ኮፈኑን ስከፍት ያልተነካ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ስለዚህ እንዲህ ያሉ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም። ጥገናቸውም አብሮ ይዞራል። እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እናንተ እንዳትደግሙ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው፣ ሥራውን ሳያውቁ ነቅሎ መጣል ነው። ከመሪው ሥር የቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ብጫነው ምንም የሚበራ ነገር የለም። «የማን ጉድ ነው ይሄ?» ብዬ ገመዱን ቆረጥኩት። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለሁ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ለካ ሞተሩ የሚያዞረው ፋን ወጥቶ፣ በቦታው ከሌላ መኪና የመጣ የኤሌክትሪክ ፋን ታስሯል። ማብሪያዋም የሱ ነበረች። ጥገናው አስቀያሚ ነው፤ ግን ሥራ ላይ ነበር። አሁን ማንኛውንም ገመድ ከመንካቴ በፊት ጫፉን እስካገኝ እከተለዋለሁ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳዋለሁ።

ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ መሞከርም ያው ነው። ካርቡሬተሩን፣ ካንዴላውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን በአንድ ቀን ነካክታችሁ ሰኞ ጠዋት አልነሳ ብትል ጥፋቱ ከየቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? አንዱን ሥሩ፣ ጥቂት ቀን ንዱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ክፍል፣ የራሱ ወግ አለው። «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ሞልቷል። የእኔም አልነበራትም። ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ታዲያ ስህተቱ ምንድነው? አዲስ ገዝቶ ወዲያው መግጠም! ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታት የሚወጣው መኪናው ሲግል ነው። ያጋላት ነገር ግን አሁንም እዚያው ይሆናል፤ ወይ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኗል፣ ወይ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቷል። መጀመሪያ እሱን አጣሩ። የራዲያተሩን ክዳንም እዩት፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ ራሱ በ82 አካባቢ ይከፈታል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊት የለም። መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ ከቴርሞስታቱ ጋር ክዳንም ያዙ። የቧንቧ ውሃውንም በኩላንት ቀይሩት።

ፊውዝ ላይ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። የ15 አምፔር ቦታ ላይ 30 ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር ካገኛችሁ፣ በትክክለኛው ቀይራችሁ ብቻ አትለፉ። ያኛው ለምን ይቃጠል እንደነበር ፈልጉ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመድ ሲግል ደግሞ እሳቱ የሚነሳው እግራችሁ ሥር ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ቴፕ ነው። ቀጥሎ ወንበር አለበስኩ። ፍሬኑን ያየሁት ከወር በኋላ ነው፤ ፔዳሉ ጠንካራ ስለነበር ጤነኛ መስሎኝ። የግራ የኋላ ጎማ ሲፈታ ወደሱ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ተቆልምሞ በመዶሻ ተደፍኗል። ጎማው ጋ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ዘይት ስታፈስ፣ ከመቀየር ቱቦውን መዝጋት ረክሶ ታይቷቸው ነው። አንድ ወር ሙሉ በሦስት ጎማ ፍሬን ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሻለሁ። ፔዳል አትመኑ። መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ፣ በደንብ ደግፋችሁ፣ ሰው ፍሬን እንዲይዝላችሁ አድርጉና እያንዳንዱን ጎማ በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። ይሄ ከቀለምም ከቴፕም ይቀድማል።

ቀለም ካልኩ አይቀር፣ አዲስ ቀለም አያማልላችሁ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩ ግርጌ ላይ አስጠጉ። ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። እላዩ ላይ እንደገና ማስቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ዝገቱ ከሥር ይቀጥላል።

የመጨረሻው ስህተቴ ሻጩን ማኩረፍ ነበር። ደውዬ ልሰድበው ስንት ቀን አሰብኩ። በኋላ ንዴቴ ሲበርድ ደወልኩና «ጋሼ፣ ያቺን ማብሪያ እርስዎ ነዎት ያስገቧት?» አልኩ። ሳቀ። ቴስታታው መቼ እንደወረደ፣ ራዲያተሩ የት እንደተበየደ፣ ሁሉንም ነገረኝ፤ ለካ የሚጠይቀው አጥቶ ነው። ስልኩን ልዘጋ ስል ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«ልጄ፣ የነዳጅ መለኪያዋን አምነህ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለኝ።