የቮልስ ሞተሪኖ ሲያቃስት፦ 6 ቮልት ይቆይ ወይስ 12 ይግባ?

እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1966 በፊት የተመረተ ቮልስዋገን ቢትል ከፋብሪካ የወጣው በ6 ቮልት ነው። ከዚያ በኋላም ለአንዳንድ ገበያ 6 ቮልቱ ስለቀጠለ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ዓመተ ምርት ብቻውን አያስተማምንም። ባትሪው ላይ 3 የውሃ መሙያ ክዳን ካለ 6 ቮልት፣ 6 ክዳን ካለ 12 ቮልት ነው። ባትሪውን ብቻ የቀየረ ሰው ግን ሊኖር ይችላል፤ ዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው)፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እና ቦቢናው (ለካንዴላ ብልጭታ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው) ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።

ሞተሪኖው ያቃስታል፣ የፊት መብራቱ ቢጫ ነው

ደጋግሞ የሚመጣው ይኸኛው ነው። ብዙ ጊዜ «6 ቮልት ድሮም አቅም የለውም» ይባልና 12 ቮልት ባትሪ ይቀመጥበታል። ሞተሪኖው ያን ቀን ይፈተለካል፣ በሽታው ግን እዚያው አለ። 6 ቮልት ይህን ሞተር ለማስነሳት በቂ ነው፤ የማይችለው የዛገ መጋጠሚያን ነው። 45 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር፣ በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ይስባል። መስመሩ ላይ 0.1 ኦም ዝገት ቢኖር ባለ 6ቱ 0.75 ቮልት፣ ማለትም ካለው 12.5 በመቶ ያጣል። ባለ 12ቱ የሚያጣው 3 በመቶ ያህል ነው። የአምፖል ቮልቴጅ አንድ ስምንተኛው ሲጎድል ብርሃኑ በሲሶ ይወርዳል፤ ቢጫው ከዚህ ይመጣል።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ሞተሩ እንዳይነሳ ቦቢናው ላይ 15 ቁጥር የተጻፈበትን ሽቦ ንቀሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ እርሳሱ ራሱ ላይ እንጂ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ አካል ላይ ያዙና ሌላ ሰው ለ5 ሰከንድ ቁልፍ ያዙር። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ማሳው ላይ፣ ማለትም ጅረቱ በመኪናው አካል በኩል ወደ ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ከፖዘቲቩ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎንም እንዲሁ ለኩ። ሁለቱም ደህና ሆነው ባትሪው ከ4.5 ቮልት በታች ከወረደ፣ ያኔ ባትሪውን ወይም ሞተሪኖውን ጠርጥሩ።

ማሳው ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው የላስቲክ ማረፊያ ላይ ስለተቀመጡ የሞተሪኖው ጉልበት የሚመለሰው በዚህ ብቻ ነው። ዘይትና ጭቃ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም፤ ፍሪሲዮን ሲቀየር ይፈታል፣ ሳይታሰር ይቀራል። ሲበጠስ ጅረቱ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ ፔዳል ገመድ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ቁልፍ ካዞራችሁ በኋላ ፔዳሉ ጋ የጋለ ቅባት ከሸተተ፣ ወይም የነዳጅ ገመዱ ያለ ምክንያት ከያዘ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ ከመኪናው ሥር ግቡ። ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙ ሄዶ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከታሰረ በኋላ ላዩን ቅባት ቀቡ።

የባትሪ ገመዱ ከ50 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። ለ12 ቮልት መኪና የተሠራ 16 ወይም 25 እዚህ ቦታ የለውም። ላስቲኩ ወፍሮ ውስጡ የቀጠነ፣ ወይም አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ገመድ በብዛት ይሸጣል። አንዱን ክር በቢላ ፋቁት፤ ነጭ ከወጣ መልሱት።

ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም

የሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው ማገናኛ) ሽቦ ከፊት ከቁልፉ ተነስቶ እስከ ኋላ ስለሚሄድ መንገድ ላይ ይደክማል። ሞተሪኖው አጠገብ 6 ቮልት ሪሌይ ግጠሙ። ካልተሻለ ካምቢዮው ላይ ያለውን የሞተሪኖ ቡሽ፣ የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚዞርበትን ቀለበት፣ እዩ።

የ8 ቮልት ባትሪና ከ12 ላይ «ግማሽ» መውሰድ

ሁለቱንም አታድርጉ። የ6 ቮልት ሬጉላተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) 7.3 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሙሉ የ8 ቮልት ባትሪ ቆሞ እንኳ 8.4 ስለሆነ መቼም አይሞላም። ሬጉላተሩ ከፍ ቢደረግ ደግሞ አምፖል ያቃጥላል። ከ12 ቮልት ባትሪ መሃል 6 ቮልት ሲወሰድ ግማሹ ሴል ይራቆታል፣ ሌላው ይፈላል። የሞተር ሳይክል 6 ቮልት ባትሪም ቮልቱ ቢገጥም ዐቅሙ አይበቃም፤ የፋብሪካው 66 አምፔር-ሰዓት ነበር።

12 ካስገቡ በኋላ የሚመጣው

ማታ በየቀኑ ለሚነዳ፣ ወይም ደህና 6 ቮልት ባትሪ ላጣ፣ 12 ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ግን ሙሉውን መለወጥ ነው። ዲናሞና ሬጉላተር፣ ቦቢና፣ አምፖል በሙሉ፣ የፍሬቻ ሪሌይ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ካርቡሬተሩ ላይ ያለው አውቶማቲክ ቾክ። ቦቢናው ከተረሳ ይግላል፣ ፖይንቱም (የቦቢናውን ጅረት የሚቆርጠው) ይቃጠላል።

ሞተሪኖው ለብቻው ይታያል። የ6 ቮልቱ ቮላኖ (ሞተሪኖው ጥርሱን ይዞ የሚያዞረው የሞተሩ ከባድ መንኮራኩር) 109 ጥርስ፣ የ12ቱ 130 ጥርስ ነው። የ12 ሞተሪኖ በ109 ላይ ከገጠማችሁ ጥርሱ ይበላላል። 130ውን ለማስገባት የአሮጌው ካምቢዮ ቤት መሞረድ አለበት፣ ቡሹም የተለየ ነው። ስለዚህ የድሮውን ሞተሪኖና ቮላኖ እዚያው ተዉት፤ በ12 ቮልት ፈጥኖ ይዞራል እንጂ አይሞትም። ቁልፉን ግን ከ3 ሰከንድ በላይ አትያዙ፣ ካልተነሳ አሳርፉት።

አዲስ ዲናሞ ከሆነ ቺንጊያውን አውልቁ፣ ዲናሞው ላይ ዲኤፍ (DF) የተጻፈበትን ጫፍ ከአካሉ አገናኙ፣ ዲ ፕላስ (D+) የተጻፈበትን ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ አካሉን ከኔጌቲቭ ለጥቂት ሰከንድ ንኩ። እንደ ሞተር ካልዞረ አትግጠሙት።

የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ከኋላ ወንበር

ወዲያው ቁሙ፣ ሰው አውርዱ፣ ወንበሩን አንሱ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ምንጭ ብረት ነው፣ መሙያው ደግሞ የሚቀጣጠል ፀጉር መሰል ቃጫ። ከድሮው የረዘመ ባትሪ ሲገባ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ምንጩ ፖዘቲቩን ይነካል፤ ነክቶ ከሆነ ምንጩ ላይ የቀለጠ ነጥብ ታያላችሁ። ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር የኔጌቲቩን ገመድ ፈታችሁ፣ በሁለቱም ምሰሶ ላይ አንድ አንድ ድብልብል ሊጥ አስቀምጡ፣ ወንበሩን መልሱ፣ ሁለት ሰው ይቀመጥበትና አንሱ። ሊጡ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ከተዳጠ ባትሪውን በአጭር ቀይሩ። በቂ ከሆነም ቢሆን ወፍራም የጎማ ክዳን ሳይደረግበት መኪናው አይነሳ፤ ካርቶን ክዳን አይደለም።