ፎርማችሁን አትማችሁ አስምሩበት

ለህንድ ሲቪል ሰርቪስ የመጨረሻ ቃለ መጠይቅ የምትቀርቡ፣ ወፍራም የጥያቄ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ የሞላችሁትን ዝርዝር ማመልከቻ አትሙት። ቃል በቃል አስምሩበት፤ የትውልድ ቦታ፣ የተማራችሁት ትምህርት፣ የስማችሁ ትርጉም ሳይቀር። በእያንዳንዱ ላይ «ምንድን ነው? ለምን? ዘንድሮስ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁና ጮክ ብላችሁ መልሱ።

የቃለ መጠይቁን 275 ነጥብ የሚሰጠው ቦርድ ፊት ያለው ይኸው ፎርም ነው። ዕውቀታችሁንማ የጽሑፍ ፈተናው ለክቶታል። ብዙ ሰው የሚያዘው በትርፍ ጊዜ ማሳለፊያው ነው፤ «ቼዝ» ብሎ ጽፎ ስለ ህንዳዊው የቀድሞ የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ቪስዋናታን አናንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማጣት ያሳፍራላ!

መልሱን ግን አትሸምድዱ። የተሸመደደ ነገር ወዲያው ይታወቃል፣ ተከታይ ጥያቄ ሲመጣም ያደናቅፋል።