የደበዘዘ የድሮ መኪና ቀለም ሳይላጥ እንዴት ይመለሳል?

ሱሉልታ ግቢያችን ውስጥ አንድ ቮልስ አለ፤ በፈረንጆቹ 1967 የተሰራ። ውሃ ሰማያዊ ነበር አሉ። እኔ ስረከበው ጣሪያውን ስዳስስ መዳፌ ጠመኔ የነካ ይመስል ነበር። የሰፈራችን ቀለም ቀቢ አየውና "ጋሼ፣ ይላጥና ይቀባ እንጂ" አለኝ። እምቢ አልኩ። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተላጠ ወዲያ የለም።

ያ ጠመኔ በፀሐይ የሞተው የላይኛው ሽፋን ነው። ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል። ከሥር ያለው ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን እወቁት። በሩን ክፈቱና ከውስጥ በኩል፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ላይ፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ እሹ። የኔ ጨርቅ ወዲያው እስክሪብቶ የፈሰሰበት የተማሪ ኪስ መሰለ። ጨርቁ እንዲህ ቀለም ከያዘ ከላይ ክሊር (ቀለሙን የሚሸፍን ቀለም አልባ፣ አንጸባራቂ ሽፋን) የለም፤ የድሮ ቀለም ነው፤ ይድናል። ነጭ ሆኖ ከቀረ ክሊር አለው ማለት ነው። ክሊሩ እየተላጠ ከሆነ ፖሊሽ አይመልሰውም። ያኔ ቀለም ቀቢው ልክ ነው።

ከዚያ እጠቡት። የፒስታ መንገድ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ስለሆነ በደረቁ መጥረግ መፋቅ ነው። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱበት። ሁለት ባልዲ ያዙ፦ አንዱ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን የምታለቀልቁበት። የልብስ ሳሙና ዱቄት ይቅር። በናፍጣ ማበስም ይቅር፤ ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፣ በነጋታው አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ከታጠበ በኋላም እጅን የሚቆረቁር ነገር ካለ በክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ጭቃ) እና በሳሙና ውሃ ይነሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ። የሚፍቅ ነገር የሌለበት፣ ቅባት የበዛበት ፖሊሽ በወፍራሙ ቀቡትና ጥላ ውስጥ አሳድሩት። የደረቀ ቀለም ቅባት ይጠጣል። የኔን ማታ ቀብቼ ጠዋት ስጠርገው ከግራጫው ሥር ሰማያዊው ብቅ ብሎ ነበር። ጣሪያውን ሦስት ሌሊት አሳድሬዋለሁ። ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ግን ከቀለሙ ላይ ምንም አይቀንስም ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ነው ኮምፓውንድ፣ ማለትም የሞተውን ሽፋን በስሱ የሚፍቀው ክሬም። ላሜራው ለእጅ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ጥላ ሥር። ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የሆነ ቦታ ብቻ ያዙ። በእጅ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ሳትጫኑ እሹ፤ ጥረጉ፤ እዩ። ለስላሳውን ሞክሩ፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ሂዱ። ማሽን ፈጣን ነው፣ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ለነገሩ መብራቱም አያስተማምንም።

ጠርዞችን ተጠንቀቁ። የመኪና ቀለም ውፍረት ከአንድ ወረቀት ብዙም አይበልጥም፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ይሳሳል። እኔ የግራ ፓራፋንጎውን ጠርዝ "ትንሽ ብቻ" ብዬ ስጨምር አንቲሩጅኑ (ከቀለሙ ሥር ያለው የዝገት መከላከያ) ወጣብኝ። የጣት ጥፍር የምታህል ግራጫ ነጥብ ነች። እስካሁን አለች። ከዚያ ወዲህ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ነው የምሰራው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። ሁሉንም በእርጥቡ ስሩ፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። የዛገ ቦታ ካለ በፖሊሽ አይሸፈንም፤ ለብቻው መታከም አለበት።

በመጨረሻ ዋክስ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሲደርቅ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉ። ክሊር የሌለው ቀለም ከፀሐይ የሚከልለው ሌላ ነገር ስለሌለው በየ3 ወሩ ይደገም፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ የግድ። ውሃ ሲረጭበት እየተንከባለለ ካልወረደ ዋክሱ አልቋል።

ላስቲክ ግን አታልብሱት። ከሥሩ እርጥበት ያፍናል፣ የእንጦጦ ነፋስ ሲያርገበግበው ደግሞ ከነአቧራው ይፍቀዋል። እኔ አራት እንጨት ተክዬ ቆርቆሮ ጣል አድርጌበታለሁ።