ኦቨርክሎክ ተደርጎ (ፕሮሰሰሩ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ እንዲሄድ ተደርጎ) አልነሳም ላለ ኮምፒውተር

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ፕሮሰሰሩ ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ለሞላችሁት ፍጥነት ቮልቴጁ አልበቃ ብሎ ነው፤ ሴቲንጉን ማጥፋት ይበቃል።

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉና ማብሪያውን 10 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የሲሞስ (የባዮሱ ሴቲንግ የሚቀመጥበት) ማጽጃ ፒኖች (ቦታቸው ማኑዋሉ ላይ አለ) በካቻቢቴ ጫፍ ለ10 ሰከንድ አገናኙ። ካጣችኋቸው ሳንቲም የመሰለችውን ሲአር2032 ባትሪ 5 ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። ቴስተር ከ2.8 ቮልት በታች ካሳየ በአዲስ ቀይሯት። ሥራውን ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፤ በበጋው ደረቅ ብርድ ስታቲኩ (በመፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ) ራም ይገድላል።

መጀመሪያ ሲነሳ፣ በተለይ ራሙ ዲዲአር5 ከሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። አታቋርጡት።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ተማምኖ ፍጥነት መጫን ግን ያሳስታል። ከ2,700 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ማባዣውን (ባዮሱ ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር) አንድ አንድ እየጨመራችሁ በየደረጃው ቢያንስ 30 ደቂቃ በከባድ ሥራ ፈትኑ፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከ85 ዲግሪ ካለፈ አንድ ደረጃ መልሱ።