የጨረታ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ቡድን እንዴት ይዘጋጃል?

በደሴና በኮምቦልቻ ካሉ አነስተኛ ድርጅቶች መካከል ሥራውን አሳምረው እየቻሉ በጨረታ የሚወድቁ አሉ፤ እኔ እንደታዘብሁት አንዱ ምክንያት ፕሮፖዛሉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት የአንድ ሰው ሸክም መሆኑ ነው።

የጨረታ ሰነዱ እንደተገዛ ወደ መጻፍ አይገባም። በቅድሚያ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የተጠየቀውን ሁሉ፣ ማለትም የታደሰ ንግድ ፈቃድን፣ የታክስ ክሊራንስን፣ የጨረታ ማስከበሪያን፣ የተመሳሳይ ሥራ ማስረጃንና የመሳሰለውን፣ ከነገጽ ቁጥሩ በሠንጠረዥ ያስፍር። በማግስቱ ቡድኑ ሠንጠረዡን ይዞ «እንወዳደር ወይስ ይቅርብን?» የሚለውን ይወስናል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ስብሰባ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ደቦ የሚጠራ ገበሬም ማሳውን ሳያይ ሰው አይጠራም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በስም ይከፋፈላል። አስተባባሪው ረቂቁን የማስተካከልና ቀነ ገደብ የማስከበር ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ዋጋውን የሒሳብ ሠራተኛው ያዘጋጃል፤ ቴክኒካል ክፍሉ ግን ሥራውን በእጁ ከሚያውቀው ሰው መምጣት አለበት። ለምሳሌ አንድ የኮምቦልቻ የእንጨትና ብረታ ብረት ድርጅት የተማሪ ዴስክ ለማቅረብ ቢወዳደር፣ በሳምንት ስንት ዴስክ ተበይዶና ተቀብቶ እንደሚወጣ የሚያውቀው የወርክሾፑ ኃላፊ ነው። እሱ መጻፍ የማይቀናው ከሆነ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እየጠየቀ ይጻፍለት። ርክክቡ በክረምት በደላንታ ወይም በወረኢሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚፈጸም ከሆነም፣ የመንገዱ ጭቃና የመኪና ኪራዩ ከወዲሁ በጊዜ ሰሌዳውና በዋጋው ውስጥ መታሰብ አለባቸው፤ አለበለዚያ ድርጅቱ አሸንፎ ይከስራል።

የጊዜ ሰሌዳው ከመዝጊያው ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይሠራል። የባንክ ጉዳይ ስለሚዘገይ ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆነው ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) በመጀመሪያው ሳምንት ይጠየቅ፤ ግልጽ ያልሆነ ነጥብ ካለም ማብራሪያ በጊዜ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ ይጠየቅ። ቴክኒካልና ፋይናንሻል ሰነዶች በተለያየ ኤንቨሎፕ እንዲገቡ ከታዘዘ፣ ዋጋ የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ ወደ ቴክኒካሉ እንዳይገባ አጥብቆ መጠንቀቅ ያሻል፤ ከውድድር ሊያስወጣ ይችላልና። ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምር ወይም አይጨምር በግልጽ ይጻፍ።

በመጨረሻም በጽሕፈቱ ያልተሳተፈ ሰው የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ይዞ ሰነዱን ገጽ በገጽ ያመሳክር፤ ፊርማና ማኅተም የጎደለበትን ያውጣ። ማስገቢያው በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ መብራት ወይም ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ፋይሎቹ ከመዝጊያው አንድ ቀን ቀድመው ይጫኑ።