በቴክኖሎጂ በሚመረት ምግብ ላይ ስንፈርድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቴክኖሎጂ የገባበት ምግብ ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «መርዝ ነው የሚያበሉን» ይላል። ሌላው «ያለ እሱማ ዓለም በረሃብ ያልቅ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ችግሩ የራሳቸውን እውነት ይዘው የሌላውን መጣላቸው ነው። እኔም በሁለቱም ወገን ቆሜ ተከራክሬ አውቃለሁ። ደጋግመው የሚገጥሙኝን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጅምላ መፍረድ

«ዘመናዊ ምግብ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ወተትን በ72 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ሴኮንድ ማሞቅ ቴክኖሎጂ ነው። በወተት የሚተላለፉትን እንደ ቲቢና ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎች ያስቆመው ይሄ ቀላል ሥራ ነው። ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን ማርጋትም ቴክኖሎጂ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን በ1902 በስሙ ያስመዘገበው ዘዴ ነው። የረጋው ዘይት ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ለብስኩትም ለኬክም ይመቻል። ሁሉም ወደደው። በውስጡ ያለው ትራንስ ፋት የሚባል ስብ ልብን እንደሚጎዳ የተረጋገጠው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 አገሮች ሁሉ ከምግብ ውስጥ እንዲያስወጡት ጠየቀ።

ሁለቱም ከሳይንስ የመጡ ናቸው። አንዱ ሕይወት አተረፈ፣ ሌላው ሕይወት ቀጠፈ። ስለዚህ «ቴክኖሎጂ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። «የትኛው ቴክኖሎጂ? ለምን ሥራ?» ሲባል ነው ወሬው ፍሬ የሚኖረው።

«ተፈጥሯዊ ነው» ሲባል መጠየቅ ማቆም

አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርተው ሻጋታ ነው። ፋብሪካ የለበትም። በደንብ ባልደረቀ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ ያድግና የጉበት ካንሰር ያመጣል። በኦርጋኒክ እርሻም ቢሆን መድኃኒት ይረጫል። የመዳብ ሰልፌት አንዱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ጂኤምኦ (ዘረመሉ የተለወጠ) ሲባል የሚደነግጥ ሰው አይብ ይበላል። ወተት የሚያረጋው ኢንዛይም ድሮ ከጥጃ ጨጓራ ነበር የሚወጣው። በ1990 አሜሪካ የጥጃው ዘረመል በገባባቸው ረቂቅ ተሕዋስያን የተመረተውን ፈቀደች። ዛሬ እዚያ የሚሠራው አብዛኛው አይብ የሚረጋው በዚሁ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ሰፊ ግምገማ አድርገው ነበር። ዘረመላቸው የተለወጠ ሰብሎች ከሌሎቹ ይበልጥ ጤናን እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። እኔ ይህንን እቀበላለሁ። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ፀረ አረም እንዲቋቋሙ የተሠሩ ሰብሎች ላይ ገበሬው ያንኑ መድኃኒት በየዓመቱ ይረጫል። አረሙ ይለምደዋል። ከዚያ መጠን መጨመር፣ ሌላ መድኃኒት መደረብ ይመጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። በዚያው ዘረመል የመለወጥ ዘዴ ደግሞ በሃዋይ ቫይረስ ሊያጠፋው የነበረው ፓፓያ ተርፏል። የተለወጠው ዘር ለገበሬዎች የተሰጠው በ1998 ነው። አንድ ዘዴ፣ ሁለት ታሪክ። ክርክራችን በዘሩ አሠራር ላይ ብቻ ቆሞ ሲቀር ማን እንደሚጠቀምበትና ለምን እንደተሠራ ሳንጠይቅ እናልፋለን።

ማዳበሪያን ወይ መርገም ወይ ማምለክ

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ትልቁ ይሄ ነውና።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፣ ከአየር ላይ በቀጥታ መውሰድ ግን አይችልም። በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የአየሩን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ አወጣ። ካርል ቦሽ ያንን ወደ ፋብሪካ አሳደገው። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በዚህ ማዳበሪያ የበቀለ እህል ነው። በሰውነታችን ፕሮቲን ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ትልቅ ክፍሉ በፋብሪካ ያለፈ ነው። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ማሳ ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ ሰብሉ ውስጥ አይገባም። ከፊሉን ዝናብ ያጥበውና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ወደ ባሕር ይወስደዋል። እዚያ አልጌው ይፈላል፣ ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ በየበጋው ዓሣ የማይኖርበት ሰፊ ውሃ የሚፈጠረው በዚህ ነው። አሞኒያውን ለመሥራት ደግሞ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ይፈጃል።

«እንግዲያው ይቅር» ማለትስ? ስሪላንካ ሞክራዋለች። በሚያዝያ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለች። ገበሬው የሚተካበት በቂ ኮምፖስት አልነበረውም፤ ለመዘጋጀትም ጊዜ አላገኘም። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ። በሩዝ ራሷን ችላ የነበረች አገር ከውጭ ልትገዛ ተገደደች። ሻይዋም ተጎዳ። በኅዳር ወር መንግሥት እገዳውን አነሳ። ጉዳቱን ሁሉ እገዳው ብቻ አመጣው አልልም፣ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ አጥታ ነበር። ገበሬው ግን ማሳው ላይ ያየውን አይቷል።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ብዙም አይወራለትም፤ ሥራ ብቻ ነው። አፈርን መርምሮ የጎደለውን ያህል መስጠት፣ በአንድ ጊዜ ከመበተን ሰብሉ በሚፈልግበት ሰዓት ከፋፍሎ መስጠት፣ ከእህል ጋር ጥራጥሬ ማፈራረቅ። የጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች የሃበርን ሥራ ያለ ፋብሪካ ይሠራሉ።

የታሸገን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ሁለት ማሸጊያ አንስታችሁ ጀርባውን አንብቡ። የቀዘቀዘው አተር ላይ አንድ ቃል ነው ያለው፦ አተር። ከተለቀመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በፈላ ውሃ ነካ ተደርጎ ስለሚቀዘቅዝ ቫይታሚን ሲው በአብዛኛው ይቆይለታል። አጠገቡ ያለው ጣፋጭ ብስኩት ላይ ደግሞ ዝርዝሩ አያልቅም። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የተሻሻለ ስታርች፣ ኢመልሲፋየር፣ ማጣፈጫ፣ ቀለም። ቤት ውስጥ የማይገኝ ዕቃ ሲበዛ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ነው የያዛችሁት።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት እዚያው አስቀመጡ። ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ብዙም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም በኩል የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ነበር። እስኪበቃቸው እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብደትም ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም በሉ ብሎ አላስገደዳቸውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ግን «ራሱን መግዛት ያልቻለ ነው የሚወፍረው» ለሚሉ ሰዎች መልስ አለው።

ያልደረሰውን እንደደረሰ መቁጠር

በ2013 ማርክ ፖስት ለንደን ላይ ከላም ሴል በላቦራቶሪ ያደገ በርገር አስቀመሰ። ያ አንድ በርገር የፈጀው ወደ 250,000 ዩሮ ነው። ሲንጋፖር በ2020፣ አሜሪካ በ2023 እንዲህ ያለ ሥጋ እንዲሸጥ ፈቅደዋል። እስካሁን ግን ከገበያው ሥጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሕንፃ ውስጥ ተደራርቦ በመብራት የሚያድገው አትክልትም ሰላጣና ቅመማ ቅጠል ላይ ነው የሠራው። ስንዴን በአምፖል ማሳደግ ፀሐይ በነፃ የምትሰጠውን በኤሌክትሪክ መግዛት ነው። ምርምሩ ይቀጥል፣ እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። የዛሬን ችግር በዚያ መመለስ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የዘር ብዛትን መርሳት

ዓለም ድሮ የሚነግደው ግሮ ሚሼል የሚባለውን ሙዝ ነበር። በ1950ዎቹ የፓናማ በሽታ ከንግድ አስወጣው። ካቨንዲሽ ተተካ። እሱም የአንድ ተክል ቅጂ ነው፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ካቨንዲሽን የሚያጠቃው አዲሱ የበሽታው ዓይነት አሁን ከአገር ወደ አገር እየዞረ ነው። አንድ ወጥ ዘር ለማሽን ይመቻል፣ ለፋብሪካ ይመቻል። ለበሽታም ይመቻል።

የመጨረሻውን ሰንሰለት አለማየት

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳሰላው በ2022 ዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ጥላለች። 60 በመቶው የተጣለው ከሰው ቤት ነው። ፋብሪካውንና ኩባንያውን ስንወቅስ ይቺን ቁጥር እንዘላታለን።

አንድ ጊዜ ፍሪጅ ስከፍት ታች መሳቢያው ውስጥ የተረሳ የስፒናች ላስቲክ አገኘሁ። ግማሹ አረንጓዴ ውሃ ሆኗል። ለዚያ ስፒናች ማዳበሪያ ተሠርቷል፣ ውሃ ተስቧል፣ መኪና ተነድቷል፣ ቀዝቃዛው መጋዘን ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ፈጅቷል። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ትኩስ ቅጠል የምገዛው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የማበስለውን ያህል ነው። ለሌላው ቀን ፍሪዘር ውስጥ የቀዘቀዘው አለ።