የእርሳስ ጡብ ሲከብድ፣ ሲያጎብጥና ሲነጣ፦ ችግርና መፍትሄ

እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ዓይን ያታልላል። ቀልጦ በፎርማ የፈሰሰው ጡቡ ሲያዩት ከሳሙና አይበልጥም፤ ሲያነሱት ክንድ ይጎትታል። የጥይት አረር በቤታቸው የሚያፈስሱ ሰዎች ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፎርማውና ስለ ቅይጡ ብዙ ይጨነቃሉ። የቀዘቀዘው እርሳስ የት ይቀመጥ፣ እንዴት ይጓጓዝ የሚለው ትዝ የሚላቸው ግን መደርደሪያው ሲጎብጥ ወይም ወገባቸውን ሲይዛቸው ነው። እዚህ ከተዘረዘሩት ችግሮች አንዳንዶቹን በገዛ እጄ ያመጣኋቸው ናቸው።

ባልዲው አልነሳ አለ፣ እጀታው ተነቀለ

ጡቦቼን በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ነበር የማጠራቅመው። ጥግ ይዞ ተቀምጧል፣ ማንንም አይረብሽም። አንድ ቀን ቦታ ላስለቅቅ ብዬ እጀታውን ያዝኩና ሳብ አደረግኩ። ሽቦው ከፕላስቲኩ ጧ ብሎ ወጣ። እኔ ወደ ኋላ ተንገዳግጄ ግድግዳ ያዝኩ፤ ባልዲው ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ ሂሳብ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር እርሳስ 11.34 ኪሎ። ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ ጥቅጥቅ ብሎ ቢሞላ ወደ 227 ኪሎ ይደርሳል። ጡቦቹ በዘፈቀደ ተጥለው ግማሹ ክፍተት ቢሆን እንኳ ከ110 ኪሎ በላይ ነው። ባልዲው ለቀለም እንጂ ለዚህ አልተሠራም። አንድ ተራ የጫማ ካርቶንም ቢሆን 7 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጥቅጥቅ ብሎ ከሞላ ወደ 80 ኪሎ፣ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ማለት ነው።

መፍትሄው ዕቃውን በስፋቱ ሳይሆን በሚሸከመው ኪሎ መምረጥ ነው። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለአንድ ሰው አንሺ ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው፤ እሱም ሁሉ ነገር ሲመቻች፣ ማለትም ሸክሙ ለሰውነት ቀርቦ፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ። ከወለል ጎንበስ ብሎ የሚነሳ ነገር ከዚህ ማነስ አለበት። እኔ በአንድ ሳጥን ከ15 ኪሎ አላልፍም። ሳጥኑ ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ ሳጥን ግማሹን ብቻ እሞላለሁ ያለ ሰው አንድ ቀን ይሞላዋል። ክብደቱን በጎኑ ላይ በትልቁ ጻፉበት። እናንተ ብታውቁትም፣ ሊያግዛችሁ የመጣው ሰው አያውቅም።

ያን ባልዲ እንዴት ባዶ እንዳደረግኩት ለሚጠይቅ፦ አንድ በአንድ። ሌላ መንገድ የለም።

የችግሩ ሥር ያለው ግን እርሳሱ በሚፈስበት ቀን ነው። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ፎርማ ያፈሰሰ ሰው አንዱ ጡብ ብቻ 5.7 ኪሎ ይሆንበታል። ለማንሳት ይቻል ይሆናል፤ ትንሽ ማቅለጫ ውስጥ ግን አይገባም፣ ጣት ላይ ሲወድቅም አይምርም። ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን ጡብ ለእጅም ለማቅለጫም ይመቻል።

መደርደሪያው ጎበጠ

ሲጫን ችሎ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ መሐሉ ጎብጧል። እንጨት፣ በተለይ ችፑድ፣ ከባድ ነገር ሲቆይበት ቀስ እያለ ይለመጣል። ሲጫን ካልተሰበረ ቻለ ማለት ነው ብሎ መተማመን ስህተት ነው።

መጀመሪያ ጫናውን አውርዱ። የጎበጠውን ጣውላ ገልብጦ መልሶ መጫን አያዋጣም። ከዚያ ዝቅ በሉ፦ የእርሳስ ምርጥ መደርደሪያ ወለሉ ራሱ ነው። ሊሾው ላይ ሁለት ወፍራም እንጨት አጋድሙ፣ በላዩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ጣል አድርጉ፣ እዚያ ላይ ደርድሩ። ከሥር አየር ይገባል፣ እርጥበትም አይነካውም። የግድ መደርደሪያ ካስፈለገ አንግል ብረት ወይም ቱቦላሬ ይሁን። እርሳሱ ታችኛው ደረጃ ላይ፣ ከመሐል ይልቅ ወደ እግሮቹ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ቋሚውም ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ላይኛው ደረጃ ላይ እርሳስ አስቀምጦ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ መሥራት እንኳን አይሞከርም።

ፎቅ ላይ ነኝ፤ ወለሉ መንቃቃት ጀመረ፣ በሩም መግጠም እንቢ አለ

በብዙ አገሮች የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲችል ታስቦ ነው። አሁን በሐሳባችሁ 40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ክምር አስቡ። ከጉልበት በታች ነው። ክፍተቱን ቀንሰን እንኳ ከ400 ኪሎ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ ያረፈው አንድ ካሬ ሜትር እንኳ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው።

ምልክቱ ከታየ ማመንታት የለም፤ እርሳሱ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ሲሚንቶ ወለል ይውረድ። እስኪወርድ ድረስ ከክፍሉ መሐል አንስታችሁ በተሸካሚ ግድግዳ ሥር በረጅሙ ዘርጉት። ስንጥቅ ካያችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ክምሩ ተንሸራተተ

ጡብ ከፎርማው እንዲወጣ ጎኑ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ አንዱ ፊቱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሁሉንም በአንድ ፊት ከደረደሩት ስህተቱ እየተጠራቀመ ሄዶ ክምሩ ይዘማል። አንዱን በጀርባው፣ አንዱን በሆዱ እያፈራረቁ ማስገጠም ነው። ቀጣዩን ረድፍ በአግድም አሳልፉ፣ ግንበኛ እንደሚያደርገው። ከጉልበት አይለፍ። በኬክ መጋገሪያ የፈሰሱት ክብ ክቦች አይደረደሩም፤ ሳጥን ውስጥ ይግቡ።

ስትደረድሩ ጓንት አድርጉ። ጣት የሚጎዳው ጡብ ሲወድቅ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጡብ መሐል ሲቆነጠጥም ነው።

የመኪናው አፍንጫ ቀና አለ፣ መሪው ቀለለ

እርሳሱ ከኋላ ጎማዎች ወዲያ፣ የዕቃ መጫኛው ጫፍ ላይ ተጭኗል ማለት ነው። መኪናው እንደ ሚዛን ይሆናል፦ ኋላው ሲሰምጥ ፊቱ ይነሳል፣ የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ አይዙም። ሳጥኖቹን ወደ ፊት አምጡ፤ ከኋላ ጎማዎች ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ ከመቀመጫ ጀርባ ተጠግተው ይቀመጡ። በቀበቶ ይታሰሩ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ጡብ ወደ ፊት የሚሄደው መኪናው ይሄድበት በነበረው ፍጥነት ነው። መኪናው የሚችለውን ኪሎ መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ተሳፋሪም አብሮ እንደሚቆጠር አትርሱ። ሁለቴ መመላለስ ምንም አያሳፍርም።

ከመኪና እስከ ቤት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ይበቃል፤ ጎማው በአየር የሚነፋ ከሆነ ግን መጀመሪያ ንፉት። ዳገት ላይ ከጋሪው በታች በኩል አትቁሙ።

ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ

መደብዘዙ አያስጨንቅ። አዲስ እርሳስ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ግራጫ ይሆናል፤ ያ ስስ ልባስ እንዲያውም ይጠብቀዋል። በእጅ የሚነሳ ነጭ ዱቄት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኮምጣጤ አሲድ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ ከየት ይመጣል? ከኦክ እንጨት ሳጥን፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሚሸት ሲሊኮን፣ አብሮ ከተዘጋበት ማጽጃ። ድሮ ነጭ ቀለም የሚሠራው እርሳስን ሆን ብሎ ከኮምጣጤ እንፋሎት ጋር በመዝጋት ነበር፤ ሙዚየሞችም የእርሳስ ቅርስ በኦክ ቁምሳጥን አያስቀምጡም።

ዱቄቱ መርዝ ነው። በደረቅ ብሩሽ አትፈግፍጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ፣ በመጥረጊያ አትጥረጉ። ጓንት አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንሱና ጨርቁን ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ለአደገኛ ቆሻሻ ለዩ። ከዚያ ሳጥኑን ቀይሩ፤ የብረት ወይም የፕላስቲክ ይሁን። ሳጥኑ ካልተቀየረ ዱቄቱ ተመልሶ ይመጣል።

ማቅለጫው ውስጥ ሲገባ ተንጣጣ

እርጥብ ቦታ የተቀመጠ ጡብ ነው። እርሳስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ላዩ ላይ ጎድጎድ ያለ ቀዳዳ ይተዋል፤ ውሃ እዚያ ይደበቃል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ውሃ ግን በ100 ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ያድጋል። ጠብታዋ ከቀለጠው እርሳስ ሥር ከሆነች እርሳሱን ወደ ፊታችሁ ትረጨዋለች። በቀለጠ እርሳስ ላይ ቀዝቃዛ ወይም እርጥብ ጡብ በፍጹም አይጨመርም። ጡቡን ማቅለጫው ገና ሳይሞቅ አስገቡት፤ መሐል ላይ መጨመር ካስፈለገ አስቀድሞ በደረቅ ሙቀት ይሙቅ።

እጅ ጠቆረ

ያ ጥቁረት እርሳስ ነው። ጤነኛ ቆዳ ብዙም አያስገባውም፤ በጣት ወደ አፍ ሲሄድ፣ ወይም ብናኙ ሲተነፈስ ነው ጣጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የታወቀ መጠን የለም ይላል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ቁልፍ ያለው ቦታ፣ ለዚሁ ብቻ የሚለበስ ልብስና ጫማ፣ ከሥራ በኋላ በሳሙና መታጠብ። አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ አያነሳም። አዘውትሮ የሚያፈስስ ሰው በደሙ ያለውን የእርሳስ መጠን ቢያስመረምር ጥሩ ነው።

የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ

ንጹሑም፣ አንቲሞኒ (እርሳስን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር) የገባበትም ሲደበዝዝ አንድ ይመስላል። ማርከር ይለቃል። እርሳሱ ፈስሶ እንደቀዘቀዘ ወዲያው በብረት ፊደል መምታት፣ ወይም ለየቅይጡ የተለየ ፎርማ መያዝ ይሻላል። ያለፈው አልፏል ካላችሁ ደግሞ፣ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ነው። ሲሚንቶ ላይ ከትንሽ ከፍታ ስትለቁት ለስላሳው ድፍን ድምፅ ያሰማል፣ ጠንካራው ያቃጭላል።

ከዚህ የተሻለው ፈተና እርሳስን በእርሳስ መፈተን ነው፤ የመጻፊያውን ማለቴ ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም የመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ የብረቱ እርሳስ የለበትም። የሠዓሊ እርሳሶች በጥንካሬ ደረጃ ይሸጣሉ። ጫፋቸውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቅረጹ፣ ከለስላሳው ጀምራችሁ የጡቡን ንጹሕ ፊት ግፉ። ለስላሶቹ ይንሸራተታሉ። መጀመሪያ ጡቡን የሚፍቀው የዚያን ጡብ ደረጃ ይነግራችኋል። ምንነቱን ከምታውቁት ጡብ ጋር አስተያዩትና ቁጥሩን እዚያው ምቱበት፤ ለነገ ያላችሁት ቀን እንደገና ትጀምራላችሁ።